መድኃኒት የማይበግራቸው ጀርሞች፦ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ስውር ፈተና

በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የታመመ ሰው የሚጓዝበት መንገድ የታወቀ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሕመሙ ሲጠና ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍለታል። ቤተሰብ በግ ሸጦ፣ አንዳንዴም የእርሻ በሬውን ገበያ አውጥቶ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ሕሙሙን የሚያደርስበት የመጨረሻው በር የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው።

በዚህ ክፍል የባለሙያዎች ክትትል ሌት ተቀን አይቋረጥም። መተንፈስ ላቃተው ሰው የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ደሙ ለፈሰሰበት ደም፣ መዋጥ ላልቻለው በቱቦ ምግብ ይሰጣል። ብዙዎችም ከሞት አፋፍ ተመልሰው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይሁን እንጂ በመላው ዓለም በእነዚህ ክፍሎች አንድ ፈተና እየበረታ መጥቷል። ሕሙሙ ከመጣበት በሽታ እያገገመ ሳለ፣ የተለመዱ መድኃኒቶች በማይገድሏቸው ባክቴሪያዎች የሚያዝበት ጊዜ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ሆስፒታል ገብተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል 15ቱ በሕክምና ቆይታቸው ቢያንስ በአንድ ኢንፌክሽን እንደሚያዙ ገልጿል። በበለጸጉት አገራት ቁጥሩ 7 ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ደግሞ ተጋላጭነቱ ከሌሎች ክፍሎች ሁሉ ይበልጣል።

ጀርም መድኃኒትን የሚለምደው እንዴት ነው?

በብዙዎች ዘንድ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲባል ይሰማል። አባባሉ ትክክል አይደለም። መድኃኒቱን የሚለምደው በሽታውን የሚያመጣው ጀርም እንጂ የሰው ሰውነት አይደለም። ስለዚህም ዕድሜውን ሙሉ አንቲባዮቲክ ወስዶ የማያውቅ ገበሬ ወይም ትናንት የተወለደ ሕፃን እንኳን መድኃኒት በለመደ ጀርም ሊያዝ ይችላል።

ነገሩን ከማሳ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በገብስ ወይም በስንዴ ማሳ ላይ ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ሲረጭ ቅጠለ ሰፋፊ አረሞች ይደርቃሉ፤ ሲናር ግን አይነካም። በየዓመቱ ያው መድኃኒት ብቻ ከተረጨ ተቀናቃኞቹ የጠፉለት ሲናር ማሳውን ይወርሳል። በሰው ሰውነት ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ በተፈጥሮ ለውጥ መቋቋሚያ ያገኙት ጥቂቶቹ ይተርፋሉ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምቹ ሁኔታ ካገኙ በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ስለሚከፈሉ፣ ጥቂት የነበሩት ተራፊዎች በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ይሆናሉ።

የመቋቋሚያ ስልታቸውም ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ቆርጦ የሚያከሽፍ ኢንዛይም ያመርታሉ። ሌሎቹ መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ያጠባሉ፤ ወይም የገባውን መልሰው ወደ ውጭ ይገፉታል። መድኃኒቱ የሚያነጣጥርበትን የአካላቸውን ክፍል ቅርጽ የሚለውጡም አሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ይህን ችሎታ እርስ በርስ መቀባበላቸው ነው። ገበሬ ጥሩ ዘር ያገኘ እንደሆነ ለጎረቤቱ እንደሚያካፍለው ሁሉ፣ ባክቴሪያዎችም የመቋቋሚያውን መመሪያ የያዘች ትንሽ የዘረ መል ቀለበት ለሌላ ባክቴሪያ ያስተላልፋሉ። ተቀባዩ የሰጪው ዝርያ መሆንም አይጠበቅበትም። በአንዲት ቀለበት ላይ የበርካታ መድኃኒቶች መቋቋሚያ በአንድነት ሊገኝ ስለሚችል፣ አንድ ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ይሆናል።

ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች መውሰድ ጀርሞችን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቋል።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምን ተጋላጭ ሆነ?

የመጀመሪያው ምክንያት የሕሙማኑ አቅም መዳከም ነው። የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል ስለሚያንስ፣ ለጤነኛ ሰው ምንም የማያደርግ ባክቴሪያ እነርሱን ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ሕይወትን የሚያቆዩት መሣሪያዎች ራሳቸው ለጀርም መንገድ መክፈታቸው ነው። ቆዳ፣ የአፍንጫ ጸጉርና ሳል ጀርምን የሚያግዱ የተፈጥሮ አጥሮች ናቸው። በጉሮሮ የሚገባው የመተንፈሻ ቱቦ፣ በደም ሥር የሚገባው የጉሉኮስ መስመርና የሽንት ቱቦ እነዚህን አጥሮች ያልፋሉ። ባክቴሪያዎችም በቱቦዎቹ ላይ እንደ ሙጫ ያለ ሽፋን ሠርተው ስለሚጠለሉ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስባቸውም። ቱቦ አስፈላጊነቱ ባበቃበት ቀን መወገድ የሚኖርበት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የመድኃኒቱ ብዛት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጠንካራ አንቲባዮቲኮች በብዛት ይሰጣሉ። መድኃኒቱ በበረታበት ስፍራ የሚተርፈው ደግሞ መድኃኒቱን የለመደው ጀርም ነው።

አራተኛው ንክኪ ነው። አንድ ሕሙም በቀን ውስጥ በብዙ እጆች ይነካል፤ ይገለበጣል፣ ይታጠባል፣ መርፌ ይወጋል። እጅ በአግባቡ ሳይጸዳ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲታለፍ ጀርሙም አብሮ ያልፋል። አሲኔቶባክተር የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ አልጋ፣ በመደገፊያ ብረትና በመሣሪያ ላይ ለሳምንታት በሕይወት መቆየት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው ዝርዝር፣ ካርባፔነም የተባሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የለመደው አሲኔቶባክተር ባውማኒ ከፍተኛ ስጋት ከተባሉት ጀርሞች መካከል ተቀምጧል። ክሌብሲየላ ኒሞኒዬና ኢ. ኮላይ የሚገኙበት የአንጀት ባክቴሪያዎች ቤተሰብም መድኃኒት በለመዱት ዝርያዎቹ ምክንያት በዚሁ መደብ ውስጥ ገብቷል።

በአገራችን ምን ታየ?

ችግሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ 267 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አንጀት ውስጥ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች አግኝቷል። ካርባፔነምን የሚያከሽፍ ክሌብሲየላም በዚሁ ጥናት ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በእነዚያ ባክቴሪያዎች ታመው ነበር ማለት አይደለም። ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወደ ደም፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ቁስል የገባ ዕለት ግን በሽታ ይሆናል።

በጨቅላ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገራት የተካሄደ አንድ ሰፊ ጥናት የሕፃናትን የደም ኢንፌክሽን መርምሯል። በአገራችን የተሳተፈው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት ከሕፃናቱ ደም በብዛት የተገኘው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ነበር። ለጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን በቅድሚያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ናቸው። ከተገኙት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ከ100 ወደ 97 የሚጠጉት አምፒሲሊንን፣ 70 ያህሉ ደግሞ ጀንታማይሲንን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኝተዋል።

በአማራ ክልልም በሦስት ሪፈራል ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከሕሙማን ናሙና ከተለዩት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ በርካታ መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የሚቋቋሙ መሆናቸውን አሳይቷል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። በወቅቱ ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገራት ነው።

ሐኪሙ የሚገጥመው አጣብቂኝ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በድንገት ትኩሳቱ ሲጨምርና የደም ግፊቱ ሲወርድ ሐኪሙ ብዙ መጠበቅ አይችልም። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በትክክል የሚነግረው ካልቸር የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እስኪያድግና በመድኃኒት እስኪፈተን ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሐኪሙ በግምት ሕክምና ይጀምራል፤ ውጤቱ ሲደርስ ያስተካክላል። ግምቱ ከጀርሙ ጋር ካልገጠመ ወሳኞቹ ቀናት በከንቱ ያልፋሉ። የካልቸር አገልግሎት በሌለበት ደግሞ ግምቱ እስከ መጨረሻው ግምት ሆኖ ይቀራል።

ሴፍትሪያክሶን ሳይሠራ ሲቀር ወደ ሜሮፔነም፣ ሜሮፔነም ሲከሽፍ እንደ ኮሊስቲን ወዳሉት የመጨረሻ መድኃኒቶች ይታለፋል። እነዚህ ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የማይገኙ ናቸው። ኮሊስቲን ኩላሊትን የመጉዳት አቅምም አለው። የአልጋው ቀን ሲረዝም ቤተሰቡ ተጨማሪ ከብት ይሸጣል፤ አልጋ የሚጠብቀው ሌላ ሕሙምም ይቆያል።

ጉዳቱ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቻ አይወሰንም። በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶች፣ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት፣ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ወጣቶች፣ የካንሰር ሕሙማን ሁሉ የሚድኑት አንቲባዮቲክ ከጀርባቸው ስላለ ነው። መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣ ዕለት ቀላል የነበረው ቀዶ ሕክምና አስፈሪ ይሆናል።

ከማሳና ከመድኃኒት ቤት እስከ ሆስፒታል

መድኃኒት የለመደ ጀርም በሆስፒታል ብቻ አይፈጠርም። ብዙው የሚጀምረው በመኖሪያ ቤት፣ በገበያና በበረት ነው።

ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጡ ስለሆኑ አንቲባዮቲክ አያድናቸውም። ሆኖም «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ብሎ ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ከጎረቤት የተረፈን ክኒን መዋስ፣ ገንዘብ ሲያጥር ግማሹን ብቻ መግዛት፣ ሕመሙ ቀለል ሲል ቀሪውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። በአገራችን ደንብ አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው።

በእንስሳት ሕክምናም ተመሳሳይ ልማድ አለ። ኦክሲቴትራሳይክሊን በገበሬው ዘንድ የታወቀ መድኃኒት ነው። የአፍና የእግር በሽታ ወይም በበግና በፍየል ላይ የሚከሰተው ደስታ መሰል በሽታ ግን በቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ ዋናው መከላከያቸው ክትባት ነው። አንቲባዮቲክ የሚያግዘው ተከትለው የሚመጡ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች ካሉ፣ ይህም በእንስሳት ሐኪም ሲወሰን ነው። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት በዕቃው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ለቤተሰብም ሆነ ለገበያ ከቀረበ፣ የመድኃኒቱ ቅሪት ወደ ጠጪው ይገባል።

የእንስሳትና የሰው ዓይነ ምድር ወደ ወንዝ ሲወርድ ጀርሙም አብሮ ይወርዳል። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በላይ የሚኖረው ማኅበረሰብ መጸዳጃ ቤት መጠቀሙ በታች ያለውንም ይጠብቃል። የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤና አንድ ሆኖ መታየት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው።

ምን እየተሠራ ነው?

በኢትዮጵያ መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችን በላቦራቶሪ የመከታተል አገር አቀፍ ሥራ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሯል። የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና ያጣመረ አገር አቀፍ ስትራቴጂም ተዘጋጅቷል። በክልላችን የአማራ ክልል ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የላቦራቶሪ አገልግሎት ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ባጸደቀው መግለጫ፣ መድኃኒት ከለመዱ ባክቴሪያዎች ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ አገራት ተስማምተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ርካሹና ፍቱኑ መከላከያ ግን የእጅ ንጽሕና ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በቪየና ከተማ ሐኪሞች እናቶችን ከማዋለዳቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የወላዶች ሞት በግልጽ ቀንሷል። ዛሬም የማያቋርጥ ውኃ፣ ሳሙናና አልኮል በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ መገኘታቸው ከውድ መድኃኒት በፊት የሚታሰብ ጉዳይ ነው።

አስታማሚና ጠያቂ ምን ያድርግ?

ሕሙም መጠየቅ የቆየ መልካም ባህላችን ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ፍቅር የሚገለጸው በጥንቃቄ ነው።

ከመግባትና ከመውጣት በፊት እጅን በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ መታጠብ፣ ወይም በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይገባል። በአልጋ ላይ መቀመጥ፣ ጋቢና ነጠላ በአልጋው ላይ ማኖር፣ ቱቦዎችን መነካካት፣ ከአንዱ ሕሙም ወደ ሌላው እየዞሩ መጨበጥ አይገባም። ጉንፋን ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ጥየቃውን ለሌላ ቀን ቢያቆየው ይመረጣል። ብዙ ሆኖ ከመግባት ይልቅ ተወካይ ልኮ ዜናውን መስማት ሕሙሙን ይጠቅማል።

አስታማሚ ባለሙያውን መጠየቅ መብቱ ነው። «ካልቸር ተሠርቷል?»፣ «ይህ ቱቦ አሁንም ያስፈልጋል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ሕሙሙ ቀደም ብሎ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች፣ ያለ ማዘዣ የተገዙትን ጨምሮ፣ ሳይደብቁ መናገርም ሐኪሙ ትክክለኛውን መድኃኒት እንዲመርጥ ያግዘዋል።

ከሆስፒታል የወጣን ሰው ግን ማግለል አያስፈልግም። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ተሸክሞ ቢወጣም እንኳ ለጤነኛ ቤተሰብ የሚያሰጋው እምብዛም ነው። ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመሠራቱ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቁስልን ሸፍኖ መያዝ በቂ ጥበቃ ነው። በቤት ደግሞ ሁሉም አንድ ደንብ ይያዝ፦ አንቲባዮቲክን ባለሙያ ሳያዝ አይጀምሩ፣ ባለሙያ ሳያማክሩ አያቋርጡ፣ ለሌላ ሰው አያካፍሉ። ሕፃናትን በወቅቱ ማስከተብም ኢንፌክሽኑን ከመነሻው ስለሚያስቀር የመድኃኒቱን ፍላጎት ይቀንሳል።

በየዓመቱ ከኅዳር 9 እስከ 15 ገደማ ያለው ሳምንት ስለዚህ ችግር ዓለም ግንዛቤ የሚያስጨብጥበት ጊዜ ነው። በእኛ ዘንድም ኅዳር 12 ቀን ቤቱና ደጁ ተጠርጎ ቆሻሻው የሚቃጠልበት ዕለት ነው፤ በ1911 ዓ.ም ብዙ ሰው የቀጠፈው የኅዳር በሽታ ትዝታ በዚህ ልማድ ይታሰባል። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም፤ ሕዝቡ የነበረው መከላከያ ጽዳትና ጥንቃቄ ብቻ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ በእጃችን አለ። ለልጆቻችን እንዲተርፍ ከተፈለገ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሳይባክን መጠበቅ የሐኪሙም፣ የመድኃኒት ባለሙያውም፣ የገበሬውም፣ የከተሜውም የጋራ ሥራ ነው።